«ጨዋ ሰው ናቸው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦

ባለፈው እሑድ እዚህ ጅማ፣ በሰፈራችን እድር ስብሰባ ላይ አንድ አባት ደረሰኝ የሌላቸውን ወጪዎች አንድ በአንድ እያነሡ፣ ገንዘብ ያዡንም «ወንድሜ» እያሉ ጠየቋቸው። ሰብሳቢው በመጨረሻ «ጨዋ ሰው ናቸው» ብለው አመሰገኗቸው። እኔ በልጅነቴ «ጨዋ ልጅ» ሲባል የምሰማው አፉን ዘግቶ ለሚቀመጥ ልጅ ነበር። ሴት አያቴ ደግሞ ደብዳቤ ሲመጣላቸው «እኔ ጨዋ ነኝ፣ አንብብልኝ» ይሉኝ ነበር። እነዚህ ሦስቱ እንዴት በአንድ ቃል ይጠራሉ?

መልስ፦

የአያትዎ አነጋገር ከቤተ ክህነት የመጣ ነው፤ በዚያ «ጨዋ» ማለት የክህነት ትምህርት የሌለው ምእመን ነውና፣ ከዚያ ተነሥቶ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. በነገሡት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደግሞ በየአውራጃው የሚሰፍረው የንጉሥ ጭፍራ «ጨዋ» ይባል ነበር።

የሚያከራክረው ግን «የጨዋ ልጅ» የሚለው ነው። ይህ አባባል በጥንቱ ፍቺው ዘር ይቈጥራል፤ ባሪያ ያልሆነ፣ ከወግ ቤት የተወለደ ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ሰው እንደ ከብት ይሸጥ በነበረባት በሂርማታ፣ በጥንቱ የጅማ ገበያ፣ አገር ተቀምጠን ይህን ፍቺ በዝምታ ማለፍ አይገባንም። ቃሉ ከትውልድ ወደ ምግባር መዞሩን እኔ እንደ ትልቅ ትርፍ እቆጥረዋለሁ፤ ዛሬ ማንም በአነጋገሩና በአያያዙ ጨዋ ሊባል ይችላልና። «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» መባሉም ለዚሁ ነው።

ዝምታን ከጨዋነት ጋር ያደባለቀብን ይሉኝታ ይመስለኛል። ይሉኝታ፣ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው፣ «ምን ይሉኛል» ብሎ የሰውን አፍ መፍራት ነው። እኒያ አባት በይሉኝታ ተይዘው ቢሆን ኖሮ ዝም ይሉ ነበር፤ ሒሳቡም እንደ ጎደለ ይቀር ነበር። ጨዋነታቸው ግን የሚጠይቁትን ሳይተዉ የሚጠየቀውን ሰው ክብር ጠበቀለት። እድር ደግሞ ያለ እንዲህ ያለ ሰው አይዘልቅም፤ ዛሬ በሒሳብ የተካረሩ ሁለት ሰዎች ነገ ሐዘን ሲደርስ አንድ ድንኳን ይተክላሉ፣ አንድ ቃሬዛ ይሸከማሉ።

ሌላ መልስ፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ከጅማ ኑሮ ጥቂት ልጨምር። በአፋን ኦሮሞ «ሰፉ» የሚባል አለ፤ ሰው ለሰውና ለፍጥረት ሁሉ ሊጠብቀው የሚገባ ክብርና ወሰን ነው፤ ከ«ጨዋነት» ይሰፋል፣ ወደ «ነውር»ም ይጠጋል። «አደብ ግዛ» የምንለውም ከዐረብኛ የመጣ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎቻችን አንዱን ሰው በብዙ ቁጥር ጠርተው ያከብራሉ፤ እኛ «መጡ» እንላለን፣ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች «ኢሲን» (እናንተ) ይላሉ። ነገር ግን የልብ ወዳጅ ድንገት «እርስዎ» ቢልዎ የተቀየመ መሆኑን ይጠርጥሩ። ለመሆኑ ገንዘብ ያዡ ምን መለሱ?

ጠያቂው፦

«አባቴ፣ ደረሰኞቹን ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዤ እቀርባለሁ» አሉ፤ ከዚያም ተነሥተው በርጩማቸውን ለእኒያ አባት ለቀቁላቸው።