«ቤዛ»፣ «ጽድቅ»፣ «ድኅነት»፦ ቃላቱ ይለወጡ ወይስ ይብራሩ?

የመወያያ ጥያቄ፦ ከግእዝ የወረስናቸው እነዚህ ቃላት ለዛሬው ወጣት አልገባ ብለዋልና በስብከትና በትምህርት በቀላል አማርኛ ይተኩ የሚሉ አሉ፤ ፈጽሞ አይነኩ የሚሉም አሉ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የሕፃናት አስተማሪዋ፦

እኔ ይተኩ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴንም ከክፍሌ ልናገር። ባለፈው እሑድ የማስተምራቸውን ልጆች «ክርስቶስ ቤዛችን ነው ስንል ምን ማለታችን ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም አንዱ እጁን አውጥቶ ከፊት ወደተቀመጠችው ልጅ እያመለከተ «ቤዛ እሷ ናት» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ስሟ ቤዛ ነው። ቃሉን በየሳምንቱ በመዝሙር ይጠሩታል፤ ከሰው ስም ያለፈ ነገር ግን አያውቁበትም። ስለዚህ «ቤዛ»ን «ምትክ» ብንለው፣ «መጽደቅ»ንም «በእግዚአብሔር ዘንድ ተቀባይነት ማግኘት» ብንለው ምን እናጣለን?

የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረው፦

እኅታችን ያነሣሽው ችግር እውነተኛ ነው፤ መፍትሔው ግን ብዙ ያሳጣናል። የተቃጠለ አምፖል ምትክ ይገባለታል፤ ያልመጣ መምህርም ምትክ ይላክለታል። ምትክ የሆነው ግን ለተተካው የከፈለው ዋጋ የለም፣ ዘመዱም መሆን አይጠበቅበትም። መቤዠት እንዲህ አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደምናነበው ሰው ደኽይቶ ርስቱን ቢሸጥ የሚቤዥለት የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ከዚያም ብሶበት ራሱን ለባዕድ ቢሸጥ ከወንድሞቹ አንዱ ይቤዠዋል። በመጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 4 ቦዔዝ በከተማይቱ በር 10 ሽማግሎች አስቀምጦ የሟቹን የሩት ባል ቤተሰብ ርስት የመቤዠትን ጉዳይ ሲያቀርብ፣ ከእርሱ ይልቅ ለሟቹ የሚቀርበው ዘመድ የገዛ ርስቱ እንዳይጎዳበት ፈርቶ ጫማውን አወለቀና መብቱን ለቀቀ። ስለዚህ በቃሉ ውስጥ ዝምድናም አለ፣ ዋጋም አለ፣ ለሌላው ሲል የራስን መጉዳትም አለ። የጌታ ሰው መሆን ከመስቀሉ ጋር የተያያዘው በዚህ ነው፤ ሊቤዠን ዘመዳችን መሆን ነበረበትና። በማቴዎስ 20፥28 ነፍሱን «ለብዙዎች ቤዛ» ሊሰጥ መጣ የሚለው ቃል በግሪኩ «ሊትሮን» ነው፤ ይህም ምርኮኛ ወይም ባሪያ የሚለቀቅበት ዋጋ ማለት ነው።

ዋጋው ለማን ተከፈለ የሚለውን ጥያቄ አባቶችም ተከራክረውበታል። በ4ኛው መቶ ዘመን ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ለያዘን ለዲያብሎስ እንደተሰጠ አድርጎ ሲያስተምር፣ ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ግን ወንበዴ እንዲህ ያለ ዋጋ ሊቀበል አይገባውም ብሎ አሳቡን አልተቀበለም። «ምትክ» ብንል ኖሮ ይህ ጥያቄ ጭራሽ ባልተነሣ ነበር፤ ከእርሱ ጋርም ብዙ ትምህርት ይቀር ነበር። (ስለ እመቤታችን «ቤዛዊተ ዓለም» መባል የሚነሣው ክርክር ራሱን የቻለ ርእስ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።)

ወንጌላዊው፦

በ«ቤዛ» ከወንድሜ ጋር እስማማለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ «ጽድቅ» ነው። ሕዝባችን «ጻድቅ» ሲባል በዋሻ የሚኖር፣ እህል የማይቀምስ ባሕታዊ በዓይኑ ይመጣበታል፤ «እኔ የት፣ ጽድቅ የት» ብሎም ተስፋ ይቆርጣል። ሐዋርያው ግን በሮሜ 4 አብርሃም እግዚአብሔርን አመነ፣ ያም «ጽድቅ ሆኖ ተቈጠረለት» ይላል። ቃሉ የችሎት ቃል ነው፤ ዳኛው ተከሳሹን ነጻ ብሎ ይፈርድለታል። ይህን ለማየት ግሪክኛ ማወቅ እንኳ አያስፈልግም፤ የአገራችን ሰው «ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ» ይላል። ጽድቅ የኩነኔ ተቃራኒ ነው፤ «ኰነነ» ደግሞ በግእዝ ፈረደ ማለት ነው፤ «መኰንን»ም ከዚያው የወጣ ነው። ስለዚህ ቃሉን አንለውጥ፤ ፍርድ መሆኑን ግን በግልጽ እናስተምር።

በችግኝ ጣቢያ የሚሠራው፦

የነገረ መለኮት ትምህርት የለኝም፤ «ጸደቀ» የሚለውን ቃል ግን ዓመቱን ሙሉ እጠራዋለሁ። ችግኝ የሚተከለው በክረምት ነው፤ በዚያን ቀን ስንት ተተከለ እንላለን እንጂ ስንት ጸደቀ አንልም። ዝናቡ ቆሞ በጋው ካለፈ በኋላ ወደ ቦታው ተመልሰን አንድ በአንድ እናያለን። ቅጠሉ ረግፎ የሞተ የሚመስለውን ቅርፊቱን በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ጸድቋል፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ አልጸደቀም። ቁጥሩንም «የጽድቀት መጠን» ብለን እንመዘግባለን። አዋጅ በምክር ቤት ሲጸድቅ ግን እጅ ወጥቶ፣ ድምፅ ተቆጥሮ በአንድ ቀን ያልቃል። ወንጌላዊው የሚናገሩት ስለ አዋጁ ይመስለኛል፤ እኔ በቤተ ክርስቲያን ስሰማው ያደግሁት ደግሞ ስለ ችግኙ ነው። ሁለቱንም የሚይዝ አንድ ቃል እያለን በሌላ ብንተካው አንዱን ሥዕል መጣላችን አይቀርም።

ወንጌላዊው፦

ይህን ምሳሌ አስቤበት አላውቅም ነበርና አመሰግንዎታለሁ። ሆኖም ቅደም ተከተሉን አልለቅም፤ ችግኝ ራሱን አይተክልም። ፍሬው የሚመጣው ከተተከለ በኋላ ነው፤ በፍሬው ምክንያትም አልተተከለም። የሉተራን የዓለም ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1999 በጀርመን አውግስቡርግ ከተማ ስለ ጽድቅ የጋራ መግለጫ ሲፈርሙ፣ መጽደቅ የኃጢአት ይቅርታም ጻድቅ ሆኖ መለወጥም እንደሆነ አብረው ተናግረዋል። እንዲያም ሆኖ ሁሉ በጸጋ የሚጀመር መሆኑን አስቀድመዋል። በዚህ ላይ አልደራደርም።

የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረው፦

በጸጋ መጀመሩን ማን ካደ? ልዩነታችን ጎልቶ የሚታየው «ድነሃል ወይ?» ተብለን ስንጠየቅ ነው። በአንድ ቤት ያደጉ ወንድማማቾች በዚህ ጥያቄ ሲቀያየሙ አይቻለሁና ነገሩ ያመኛል። «ድኅነት» መዳን ማለት ነው፤ «ዳነ» ደግሞ ከሕመም መፈወስ ነው፤ «መድኃኒት»ም ከዚያው ነው፤ ጌታን መድኃኔ ዓለም የምንለው የዓለም ፈዋሽ ስለሆነ ነው። 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችውን ሴት «እምነትሽ አድኖሻል» ሲላት ደሟም ቆሟል፣ ነፍሷም ዐርፋለች። ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ በሮሜ 8፥24 «በተስፋ ድነናልና» ይላል፤ በ1ኛ ቆሮንቶስ 1፥18 በመዳን ላይ ስላሉት ይናገራል፤ በሮሜ 5፥9 ገና «እንድናለን» ይላል። ስለዚህ «ድነሃል ወይ?» ለሚለኝ ወንድም «አዎን፣ እየዳንሁም ነው፣ እድናለሁም» ብዬ ብመልስለት መሸሼ አይደለም፤ የሐዋርያው መልስ ይኸው ነው።

የሕፃናት አስተማሪዋ፦

ሁላችሁንም በጥሞና አንብቤአለሁ። «ምትክ»ን ትቻለሁ፤ ዝምድናውንና ዋጋውን እንደሚያስቀር አሁን አይቻለሁና። አንድ ነገር ግን አልተመለሰልኝም፦ እነዚህን ቃላት ለዘመናት ጠብቀናቸው ልጆቻችን ባዶ እጃቸውን የቀሩት ማብራራቱን ማን ስለተወው ነው? አባቶቻችን ግእዙን አንብበው በዚያው ስፍራ አንድምታውን፣ ማለትም የአማርኛ ትርጓሜውን፣ ይናገሩ ነበር፤ እኛ ንባቡን ይዘን አንድምታውን ትተናል። ለሚመጣው እሑድ መጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 4ን መርጫለሁ፤ ለክፍሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንድታነብ የጠየቅኋትም ቤዛን ነው።