በ3ዲ ፕሪንተር የታተመ የልጅ እጅ፦ አንጓው ወደ ጎን እንዲሄድ ምን ላድርግ?

ቃልዬ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለእህቴ ልጅ ኢኔብል የሚባሉት በጎ ፈቃደኞች በነጻ የለቀቁትን ፊኒክስ የተባለ ሰው ሠራሽ እጅ አትሜላታለሁ። 6 ዓመቷ ነው፤ መዳፍ አላት፣ ጣት የላትም። የእጅ አንጓዋን ወደ ታች ስታጥፍ ክሮቹ ይሳቡና ጣቶቹ ይጨብጣሉ፤ ስታቃና ላስቲኩ ይከፍታቸዋል። ግን ማጠፊያው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው። ኩባያ ወደ አፏ ስታመጣ ክርኗ እንደ ዶሮ ክንፍ ይነሳል። የማጠፊያውን ፒን አውጥቼ በቲፒዩ (እንደ ጎማ በሚለጠጥ ፕላስቲክ) ልተካው? የሞከረ አለ?

ብሎኑ፦ ቲፒዩ ይለጠጣል፣ የክሩን ጉተታ ይበላብሻል። ይልቅ ፒኖቹ ከራሷ አንጓ ጋር ትይዩ ናቸው? ፒኑ ወደ ክንድ ካፈገፈገ ባጠፈች ቁጥር የክንዱ ቅርፊት ይንሸራተታል። ፋይሉን ስታሳንሺው ደግሞ የብሎን ቀዳዳውም አብሮ ይጠባል፤ በመሰርሰሪያ አስፊው።

ፊዚዮዋ፦ ክርኗ የሚነሳው ወደ ጎን ስለማይሄድ ብቻ አይመስለኝም። ኩባያው እንዳይወድቅ አንጓዋን አጥፋ መቆየት አለባት እኮ! ክሩን ትንሽ አጥብቂውና በትንሽ እጥፋት ይጨብጥ። ብዙ ካጠበቅሽው ግን ጣቶቹ አይከፈቱም።

ቃልዬ፦ ወይ ጉድ፣ ይሄን አላሰብኩትም። ወደ ጎኑስ ይቅር?

ብሎኑ፦ ካማረሽ ሞክሪ፣ ግን ክሮቹ በአንጓው መሃል ይለፉ። በዳር ካለፉ ወደ ጎን ባዘነበለች ቁጥር የአንዱ ዳር ጣት ብቻውን ይታጠፋል። ቅርፊቱን በሙቅ ውሃ ስታጎብጪው ደግሞ ጠርሙስ ላይ ይሁን፣ አደራ ክንዷ ላይ እንዳታደርጊው።