በስፓኒሽ «ሜ»፣ «ቴ»፣ «ሴ» የሚገቡት መቼ ነው?

ጥያቄ፦ የማታ ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ቨርጂኒያ ነው፤ ሬስቶራንት ኪችን ውስጥ እሠራለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት አብዛኞቹ የኤል ሳልቫዶር ልጆች ናቸው፤ ስፓኒሽ ከእነሱ እየለቃቀምኩ፣ ማታ ደግሞ እየተማርኩ ነው። ያስቸገሩኝ ሪፍሌክሲቭ የሚሏቸው ግሦች ናቸው። «ላቦ ሎስ ፕላቶስ» ሳህን አጥባለሁ ማለት ነው፤ እሺ። «ሜ ላቦ ላስ ማኖስ» (እጄን እታጠባለሁ) ላይ ሜ ከየት መጣች? አንዴ «ቦይ» (እሄዳለሁ) ይላሉ፣ አንዴ «ሜ ቦይ»። ትናንት ደግሞ አንዱ ብርጭቆ ወድቆበት «ሴ ሜ ካዮ!» አለ። ሴ እና ሜ አንድ ላይ! አስተማሪያችን «ድርጊቱ ወደ አድራጊው ሲመለስ ነው» ብላ አለፈችው። ብርጭቆው ወደ ማን ተመለሰ?

መልስ፦ ባርሴሎና ያለችው

ወንድሜ፣ ግማሹን በአማርኛ ታውቀዋለህ። አጠበ እና ታጠበ፣ ላጨ እና ተላጨ። «ላባር» አጠበ ነው፣ «ላባርሴ» ታጠበ። «አፌይታር» ላጨ፣ «አፌይታርሴ» ተላጨ። መዝገበ ቃላት ላይ መጨረሻው ሴ የሆነ ግስ ካየህ ይሄ ነው።

ልዩነቱ የኛ «ተ» ለሁሉም ሰው ያው መሆኗ ነው። የእነሱ ከባለቤቱ ጋር ይቀያየራል፦ ሜ ላቦ (እታጠባለሁ)፣ ቴ ላባስ (ትታጠባለህ)፣ ሴ ላባ (ይታጠባል)፣ ኖስ ላባሞስ (እንታጠባለን)፣ ሴ ላባን (ይታጠባሉ)። እዚህ ስፔን ለእናንተ «ኦስ ላባይስ» እንላለን። የአንተ ጓደኞች ግን «ኡስቴዴስ ሴ ላባን» ነው የሚሉት፤ ኦስን ለጊዜው ተዋት።

እኛ «እጄን» እንላለን፤ እነሱ «ላስ ማኖስ»፣ የማን ሳይሉ እንዲሁ «እጆቹን»። የማን እጅ እንደሆነ ሜ ስለነገረችህ «ሚስ ማኖስ» (እጆቼን) አትበል።

ደግሞ ቤት ላይ «ሴ ቤንዴ» ተለጥፎ ካየህ «ይሸጣል» ነው። «ሴ ቤሳሮን» ደግሞ ተሳሳሙ። አየህ፣ የኛም «ተ» ይህን ሁሉ ትሠራለች።

መልስ፦ ሹፌሩ

ስለ ብርጭቆው እኔ ልመልስ። «ሴ ሜ ካዮ ኤል ባሶ» ማለት «ብርጭቆው ወደቀብኝ» ነው። በቃ! እዚህ ሜ ማለት «ብኝ» ናት። ጣልኩት አላለም፤ ወደቀብኝ ነው ያለው። ኪችን ውስጥ አለቃ ሲቆጣ በጣም የምትጠቅም ሰዋስው ናት።

ሌላውም እንዲሁ ነው። «ሴ ሜ ሮምፒዮ» ተሰበረብኝ። «ሴ ሜ ፔርዲዮ ላ ያቤ» ቁልፉ ጠፋብኝ። «ሴ ሜ አካቦ ኤል ዲኔሮ» ብር አለቀብኝ። ወደቀብህ ለማለት «ሴ ቴ ካዮ»፣ ወደቀበት ለማለት «ሴ ሌ ካዮ»። ሁልጊዜ ሴ ትቀድማለች። ግሱ የሚከተለው ዕቃውን እንጂ አንተን አይደለም፤ ብርጭቆዎቹ ብዙ ከሆኑ «ሴ ሜ ካዬሮን ሎስ ባሶስ» ትላለህ።

መልስ፦ አስተርጓሚዋ

ሁለቱም ጥሩ ብለዋል፤ «ተ»ን ግን ብዙ አትመኗት። «ሌባንታርሴ» ተነሳ፣ «ሴንታርሴ» ተቀመጠ፤ እዚህ ትሠራለች። ተማረ ግን «አፕሬንዴር» ነው፣ ተናገረ «አብላር»፤ ሴ የላቸውም። በተቃራኒው ለበሰ የኛ «ተ» የለውም፣ በስፓኒሽ ግን «ፖኔርሴ» ነው። ያለ ሴ «ፖኔር» ካልከው አስቀመጠ ይሆናል።

አንዳንዴ ሴ ስትገባ ትርጉሙ ዘወር ይላል። «ቦይ አ ካሳ» ወደ ቤት እሄዳለሁ፤ ትኩረቱ መድረሻው ላይ ነው። «ሜ ቦይ» ግን ካለህበት መነሳትህን ነው የሚናገረው፤ እኛ «በቃ፣ ልሄድ ነው» እንደምንለው። «ዶርሚ ኦቾ ኦራስ» ስምንት ሰዓት ተኛሁ። «ሜ ዶርሚ» እንቅልፍ ወሰደኝ። «ሜ ኮሚ ላ ፒሳ» ፒሳውን ሙልጭ አደረግኩት። ለእነዚህ አቋራጭ የለም፤ ከነሴያቸው መያዝ ነው።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ «ወደቀብኝ» ገላገለኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። «ሜ ጉስታ»ስ ሪፍሌክሲቭ ነው? ደግሞ መጽሐፉ «ላባቴ» (ታጠብ) ላይ ድምፁን «ላ» ላይ ከፍ አድርጉ ይላል፤ የኪችን ጓደኞቼ «ባ» ላይ ነው ከፍ የሚያደርጉት። ማንን ልስማ?

መልስ፦ አስተርጓሚዋ

«ሜ ጉስታ» አይደለም። «ደስ ይለኛል» በለው፤ ደስ የሚያሰኘው ነገሩ ነው፣ አንተ ተቀባይ ነህ። «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ»ም «ራሴን ያመኛል» ነው፣ ያው ዓይነት።

ላባቴን በተመለከተ ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጽሐፉ «አንተ»ን «ቱ» ለሚሉት ነው። ኤል ሳልቫዶር ውስጥ በጓደኛ መካከል «አንተ» «ቦስ» ይባላል፤ ትእዛዙም ድምፁ ወደ «ባ» ይሄዳል። ቴ ግን ለሁለቱም ቴ ናት። ሥራ ላይ እንደ እነሱ ተናገር፣ ፈተና ላይ እንደ መጽሐፉ ጻፍ።

የትንሿን ቃል (የሜ፣ የቴ፣ የሴ) ቦታም አስተውል። ስታዝ ከግሱ ኋላ ትለጠፋለች፦ ላባቴ። ስትከለክል ፊት ትመጣለች፦ «ኖ ቴ ላቤስ» (አትታጠብ)። «መታጠብ እፈልጋለሁ» ስትል እንደፈለግህ ነው፤ «ኪዬሮ ላባርሜ»ም «ሜ ኪዬሮ ላባር»ም ይባላል።

ጠያቂው

እንግዲያው ነገ ለአስተማሪዬ «ሴ ሜ ኦልቢዶ ላ ታሬያ» እላታለሁ። የቤት ሥራው ተረሳኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ ሹፌሩ

ልክ ነው። ያልሠራኸው ከአንድ በላይ ከሆነ ግን «ሴ ሜ ኦልቢዳሮን ላስ ታሬያስ» በላት።