ሜሪላንድ 10 ዓመት ይሰጣል፣ ፌዴራል ግን 1 ዓመት

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ታናሽ ወንድሜ በሜሪላንድ ፍርድ ቤት ተፈርዶበት እዚያው ታስሯል። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኙን አላይም ያለበት ደብዳቤ ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል፤ ቀኑ ያለፈው ዓመት ጁን 2 ነው። ጠበቃው «10 ዓመት አላችሁ፣ ምን አስቸኮላችሁ» ብሎን ነበር። አሁን አብሮት የታሰረ ሰው «ፌዴራል ላይ ሄቢየስ አስገባ» አለው። እናቴ በየቀኑ ምን ደረሰ ትለኛለች። የሚያውቅ አለ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ሄቢየስ ማለት ጉዳዩ ፌዴራል ላይ እንደ አዲስ ይታያል ማለት ነው። ክፍያውም 5 ዶላር ብቻ ነው።

ሌላ መልስ፦ 5 ዶላሩ ልክ ነው፣ እንደ አዲስ ይታያል የሚለው ግን አይደለም። ጠበቃ አይደለሁም፤ ጠበቃ ቢሮ ለዓመታት አስተርጉሜያለሁ። አገር ቤት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የምንለው ነው። የፌዴራሉ ዳኛ ምስክር እንደገና እየሰማ ጥፋተኝነቱን አይመዝንም፤ የሚያየው ስቴቱ ሕገ መንግሥቱን ጥሶ እንደሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣው የፌዴራል ሕግ ወዲህ ደግሞ ስቴቱ ተሳስቷል ማለት ብቻ አይበቃም፤ ሚዛናዊ ዳኛ የማይሳሳተው ስህተት መሆን አለበት።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን የፍሪጁ ደብዳቤ ነው። 10 ዓመቱ ውሸት አይደለም፤ ሜሪላንድ ከይግባኝ በኋላ ለሚቀርብ አቤቱታ የሰጠው ጊዜ ነው። ፌዴራሉ የሚሰጠው 1 ዓመት ነው። ወደ ዋሽንግተኑ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካላመለከታችሁ፣ ለዚያ ማመልከቻ የተሰጠውን 90 ቀን ከጁን 2 ጀምረሽ ቁጠሪ፤ ኦገስት 31 ይመጣል። ዓመቱ የተነሳው ያኔ ነው፣ ዘንድሮ ኦገስት መጨረሻ ያልቃል።

«ጠበቃዬ በቅጡ አልተከላከለልኝም» የሚል ከሆነ መጀመሪያ ሜሪላንድ ላይ ማቅረብ አለበት። ያ አቤቱታ እስኪወሰን የፌዴራሉ ቆጠራ ይቆማል። ይቆማል እንጂ ወደ ዜሮ አይመለስም፦ 20 ቀን ሲቀረው ካስገባ፣ ስቴቱ ሲጨርስ ያለው 20 ቀን ነው። በ3ኛው ዓመት ቢያስገባ ሜሪላንድ ይቀበለዋል፤ ያለቀው የፌዴራል ጊዜ ግን አለቀ።

ጠያቂ፦ ዛሬ ጁላይ 24 ነው! ልቤ ቀጥ አለ። ፖስታው ቢዘገይስ?

ሌላ መልስ፦ 38 ቀን አላችሁ። እስረኛው ራሱ ወደ ፌዴራል ሲልክ ለእስር ቤቱ ሠራተኛ ያስረከበበት ቀን ይቆጠርለታል፤ ቀኑን ይጻፍ፣ ደረሰኝም ይያዝ። ለሜሪላንዱ ግን በዚህ አትተማመኑ፣ ቀድማችሁ አስገቡ። ፌዴራል ላይ መንግሥት ጠበቃ የማቆም ግዴታ የለበትም፤ ሜሪላንድ ላይ ግን ለመጀመሪያው አቤቱታ ጠበቃ የማግኘት መብት አለው። ነገ ጠዋት ፐብሊክ ዲፌንደር (መንግሥት የሚያቆመው ተከላካይ ጠበቃ) ቢሮ ደውዪ።

ፌዴራሉ ውድቅ ካደረገበትም ይግባኝ የሚባለው በ30 ቀን ነው፣ ከዚያም የይግባኝ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ዳኛው የነገራችሁን ቀን እንኳ ከሕጉ ጋር አስተያዩ። ቦውልስ የሚባል የኦሃዮ እስረኛ፣ ያለፈው የይግባኝ ጊዜ እንደገና ሲከፈትለት ሕጉ 14 ቀን እያለ ዳኛው ተሳስቶ 17 ቀን ሰጠው። በ16ኛው ቀን አስገባ። የዋሽንግተኑ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 5 ለ 4 ዘግይተሃል አለው። እኔ እስከ ዛሬ አልዋጥልኝ ብሎኛል።

ጠያቂ፦ ደብዳቤውን ከፍሪጁ አውርጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ነገ ከሥራ ቀርቼ እደውላለሁ። ለእናቴ ስለ 38 ቀኑ አልነገርኳትም።