ክብደቱ ቀላል የሆነ የኮሎ ፑሌጃ ከተገጠመ ወዲህ ዲናሞው በሚኒሞ አይሞላም

ሰላም ባለሙያዎች፣ ከባሕር ዳር ነው። በ1.6 ሊትር ኮሮላ ላይ መሃሉ ጎማ ያለው ባለ 150 ሚሊሜትር የኮሎ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሌጃ ወጥቶ 120 ሚሊሜትር ድፍን አልሙኒየም ገብቷል። ነዳጅ ሲረገጥ ዙሩ ፈጠን ይላል፤ ቤዛዊት ዳገት ላይ ግን ጉልበቱ ያው ነው (ክብደት መቀነስ ፈረስ ጉልበት አይፈጥርምና)።

ችግሩ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት) ላይ ነው። ፑሌጃው ስላነሰ፣ ሞተሩ በደቂቃ 750 ዙር ሲዞር ዲናሞው የሚሽከረከረው ድሮ በ600 በሚሽከረከርበት ፍጥነት ስለሆነ ባትሪው ላይ 12.3 ቮልት ይነበባል፤ 1,500 ላይ 14 ይደርሳል። የውሃ ፓምፑም አብሮ ስለዘገየ፣ ኤሲ ተከፍቶ ሲቆም ሙቀቱ ይወጣል። ቺንጋው (ፑሌጃዎቹን የሚያያይዘው ቀበቶ) በልኩ ተቀይሯል፣ አይንሸራተትም።

የዲናሞውን ፑሌጃ ከ60 ወደ 48 ባሳንስ ቻርጁ ይስተካከላል፤ ፓምፑስ? ከ3,500 ዙር በላይ የመጣው ንዝረትስ፣ ንዝረት የሚውጠው ጎማ ስለሌለ ኮሎውንና ብሮንዚናውን (ኮሎው የሚዞርበትን ኩሽኔታ) ይጎዳል ወይስ የሚዛን ጉድለት ብቻ ነው? አዲሱ ላይ የታይሚንግ (የማቀጣጠያ ጊዜ ማስተካከያ) ምልክትም የለም።