የቆሻሻ መኪና በማይደርስበት ቀዬ ባዶ ሃይላንድ ምን ይደረግ?

ማኅሌት (ጠያቂ)፦ ከከተማ ርቆ ከሚኖር የነባር ሕዝቦች ማኅበረሰብ ጋር ነው የምሠራው። የቆሻሻ መኪና አይደርስም። የታሸገ ውሃና ለስላሳ ግን ይደርሳል፤ ጎብኚውም ነጋዴውም ይዞት ይመጣል። ባዶው ወይ ይቃጠላል ወይ ወንዝ ዳር ይከመራል። ዝናብ ሲጥል ጎርፍ ጠርጎ የሚጠጡት ውሃ ውስጥ ይከተዋል። ብንቀብረውስ?

ዳዊት፦ መቅበር ከዓይን ማራቅ ብቻ ነው፤ አይበሰብስም። ማቃጠሉ ደግሞ ይባስ። ሜዳ ላይ የሚነድ ፕላስቲክ በደንብ ስለማይቃጠል ጥቀርሻና መርዛማ ጭስ ነው የሚተፋው። ፒቪሲ (እንደ ውሃ ቱቦ ያለ ፕላስቲክ) ከተቀላቀለበት ዳይኦክሲን የሚባል ከባድ መርዝም ይጨመራል።

ሰናይት፦ ዕቃ ያመጣው መኪና ወይም ጀልባ ሲመለስ ይዞት ይሂድ። ከሥሩ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 1 ቁጥር ያለበት ፔት (የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ የሚሠራበት ፕላስቲክ) ነው፤ እሱን ለብቻ ለዩት። የመኪና ዘይት ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት እንዳይቀላቀል። እስኪጫን ድረስ ከዝናብ ይከለል፤ ውሃ ያቆረ ጠርሙስ ትንኝ ይራባበታል።

ማኅሌት፦ ሾፌሩን አናግረነው ነበር። «አየር ልታስጭኑኝ ነው?» አለን።

ሰናይት፦ እውነቱን ነው እኮ! ክዳኑን ክፈቱ፣ አንጠፍጥፉት፣ ከሥሩ ጀምራችሁ ጨፍልቁት። እንደተጨፈለቀ ክዳኑን መልሳችሁ ጥብቅ። አየር ካልገባ ተመልሶ አይነፋም። ክዳኑ የተሠራው ከሌላ ፕላስቲክ ቢሆንም ችግር የለውም፤ ፕላስቲኩን መልሶ የሚሠራው ፋብሪካ ፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲከተው ፔቱ ይሰምጣል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል። ለማንኛውም ጠርሙሱን የሚገዛችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዮናስ፦ ማከማቻውን ማን መረጠው? ለእንግዳ ጠፍ መሬት የሚመስለው የአባቶቻቸው መቃብር ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የጸደቀው የተመድ የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫ፣ በአንቀጽ 29፣ አደገኛ ቁሳቁስ ያለ ፈቃዳቸው መሬታቸው ላይ እንዳይከማች መንግሥታት እንዲያረጋግጡ ይላል። ሃይላንድ «አደገኛ» ባይባልም እናንተም ፈቃድ ጠይቁ። ሽማግሌዎቹን ብቻ ሳይሆን ውሃ የሚቀዱትን ሴቶችም።

ማኅሌት፦ እውነት ነው፣ ቦታውን እኛ ነበርን ያሰብነው። ሴቶቹ ግን የሚሉት ሌላ ነው፤ የወንዙ ውሃ ልጆቹን ስለሚያሳምም ነው የታሸገ የሚገዛው።

ዳዊት፦ እንግዲያው ዋናው ጉዳይ እዚያ ነው። ውሃው ካልተስተካከለ ስትጭኑ ትኖራላችሁ። እስከዚያው ቀለም የሌለው፣ ከ2 ሊትር ያልበለጠ፣ ያልተጫጫረ የፔት ጠርሙስ አስቀሩ። ጥርት ያለ ውሃ ሞልታችሁ ጠራራ ፀሐይ ላይ ለ6 ሰዓታት ያህል አጋድሙት፤ ሰማዩ ደመናማ ከሆነ 2 ቀን ሙሉ። ጀርሙን ይገድላል። ድፍርስ ውሃ ከሆነ አስቀድሞ ይጣራ። ኬሚካልን ግን አያጠፋም፤ ከላይ በኩል ማዕድን የሚታጠብበት ወንዝ ከሆነ በዚህ አትመኑ።