ጀልባዬ ወደ ግራ እያጋደለች አስቸገረችኝ

የጀልባ ሰዎች፣ እስቲ አንድ ነገር በሉኝ። ከባህር ዳር ወደ ዘጌ ሰው የማመላልስባት ባለ 40 ፈረስ ጉልበት የፋይበር ጀልባ አለችኝ። ቆማ ስትታይ ልክ ናት። ፍጥነት ስጨምር ግን ወደ ግራ ታጋድላለች። ትናንት በግራ በኩል የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸው በውሃ ራሰ። "ልጄ፣ ልትደፋን ነው እንዴ?" አሉኝ። አፈርኩ።

መጀመሪያ ነፋስ ነው ብዬ ነበር። ግን ስሄድም ስመለስም ያው ግራ ነው። የነዳጅ ጀሪካኑንና ባትሪውን ወደ ቀኝ አዛወርኩ፤ ትንሽ ተሻላት። ሁለት ወፈር ያሉ ሰዎች ቀኝ ሲቀመጡ ደግሞ ቀጥ ትላለች። ታዲያ ተሳፋሪ በኪሎ እየመዘንኩ ላስቀምጥ?

ፕሮፔለሩ (ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው የሞተሩ ምላጭ) ከኋላ ሲታይ ወደ ቀኝ ስለሚዞር፣ ጀልባዋን ወደ ግራ እንደሚጠመዝዛት አውቃለሁ። የሞተሩን ማዘንበል የሚወስነውን ፒን አንድ ቀዳዳ ወደ ውጭ ሳወጣው አፍንጫዋ ተነሳ፤ ማጋደሏም ባሰ። አሁን ወደ ውስጥ ልመልሰው ወይስ ከኋላዋ ትሪም ታብ (በግራና በቀኝ ከፍ ዝቅ የሚል ጠፍጣፋ ሰሌዳ) ላስገጥም? ካስገጠምኩስ፣ ቀና እንድትል ወደ ታች የሚወርደው የግራው ነው አይደል? ቅዳሜ ሰው ይዣለሁ፤ የሞከረው ካለ ቶሎ ይንገረኝ።